ዲፕስቲክ መቀየር ለምትንቁ ልጆቼ

ሞተር ማውረድ ስም ያስጠራል። ዲፕስቲክን፣ ማለትም የሞተር ዘይት መለኪያ ዘንጉን፣ ከሚገባበት ቱቦ ጋር መቀየር ግን ማንም አያወራለትም፤ ለዚህም ይመስለኛል ጀማሪ መካኒክ ሁሉ አሮጌ መኪና ላይ ይህ ሥራ ሲሰጠው ፊቱን የሚያጨፈግገው። እኔ ግን አንድ ልጅ እጁ ብቻ ሳይሆን ጭንቅላቱም እንደሚሠራ ማየት ስፈልግ የምሰጠው ይህንኑ ነው። መለኪያው ከዋሸ ባለመኪናው ከዚያ ወዲያ ዘይት የሚጨምረውም የሚተወውም በውሸት ነውና።

ብዙዎቻችሁ ዘንጉንና ቱቦውን እንደ ሁለት ዕቃ ታያላችሁ። አንድ መለኪያ ናቸው። ዘንጉ ምን ያህል እንደሚወርድ የሚወስነው እጀታው የቱቦው አፍ ላይ ማረፉ ነው። ቱቦው በ1 ሳንቲ ሜትር ቢያጥር ወይም ከልኩ በላይ ጠልቆ ቢገባ፣ ዘንጉም ያንኑ ያህል ይወርድና የጎደለውን ዘይት ሙሉ አስመስሎ ያሳያል። ቢረዝም ደግሞ ሙሉውን የጎደለ ያስመስላል። በብዙ የቤት መኪኖች ላይ በዘንጉ ላይ ባሉት ሁለት ምልክቶች፣ በላይኛው «ሙሉ» እና በታችኛው «ጎደለ»፣ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 1 ሊትር ገደማ ስለሆነ ትንሽ ስሕተት ትንሽ አይደለም። ዘይቱ ሲያንስ ብሮንዚኖቹ (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርባቸው መቀመጫዎች) ይቃጠላሉ፤ ሲበዛ ክራንክ ሻፍቱ፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው የሞተር አክሰል፣ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ ፓምፑም ከዘይት ጋር አየር ይስባል። ስለዚህ «ቀዳዳው ውስጥ ገባ» ተብሎ የሌላ ሞተር ዘንግ አይሰካም።

ከመፍታታችሁ በፊት ጥፋቱ የቱቦው መሆኑን አረጋግጡ። ከቱቦው ሥር የሚወጣ ዘይት በሞተሩ ጎን ወርዶ በንፋስ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ብዙ ሰው የዘይት ቋቱን ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያውን ማሸጊያ) ወይም የሞተሩን የኋላ «ሲል» (ዘይት ማገጃ ቀለበት) ይወነጅላል። ጠርጉት፤ ሞተሩን አስነሱና በመብራት ተመልከቱ። ዘንጉ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ግን የሞተሩ መተንፈሻ ተደፍኖ ወይም ፋሻዎቹ (የፒስተኖቹ ቀለበቶች) አልቀው ውስጡ ግፊት በዝቷል ማለት ነው፤ አዲስ ቱቦ አይፈውሰውም።

ሲፈታ መቸኮል የለም። ቱቦው የሚገባበት ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል፤ አካባቢውን በብሩሽ ሳታጸዱ አትንኩት። ደጋፊ ብረቱን የያዘውን ቡሎን ፍቱ፤ ዝገት ማላቀቂያ ነፍታችሁ ጊዜ ስጡት፤ ከዚያ ከመሳብ ይልቅ ግራና ቀኝ እያዞራችሁ አላቁት። የዛገ ቱቦ በጉልበት ሲሳብ ከብሎኩ አፍ እኩል ይቆረጣል። ከተቆረጠ መዶሻ አታንሡ፤ ቅሪቱ ወደ ውስጥ ቢወድቅ ቋቱን ማውረዳችሁ ነው። ጥርስ ማውጫውን (ቀዳዳ ውስጥ የቡሎን ጥርስ የሚቀርጸውን መሣሪያ) በግራሶ ቀብታችሁ ወደ ቅሪቱ አስገቡና በእሱ ይዛችሁ ሳቡ፤ ግራሶው ፍቅፋቂውን ይይዛል። በሙቀት የደረቀ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ስብርባሪውን ጠረጴዛ ላይ ገጣጥሙት። የጎደለ ቁራጭ ካለ የት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ከዘይት መሳቢያው ወንፊት ሥር ሊገኝ ይችላል።

አዲሱ ሲገባ፣ ኦሪንግ የምንለው የጎማ ቀለበት ያለው ከሆነ ቀለበቱ አዲስ ይሁን፤ ዘይት ይቀባ። ተጠቅጥቆ የሚገባ ከሆነ እስከ አንገቱ ብቻ፣ ቀጥ ብሎ ይግባ። ሲሊኮን መለቅለቅ የሥራ ጥራት የሚመስለው ሰው አለ፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ነው የሚወርደው። ደጋፊ ብረቱን ደግሞ አደራ! ቡሎኑ ብዙ ጊዜ እጅ የማይደርስበት ቦታ ስለሆነ «ያለሱም ይዟል» ብለው የሚተዉ አሉ። የሞተሩ ንዝረት ያንን ቱቦ ይሰነጥቀዋል፤ ከጭስ ማውጫው አጠገብ የሚያልፍ ከሆነማ የሚፈሰው ዘይት ይጨሳል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

አሁን መለኪያው ራሱ ይለካ። ብዙዎቹ የሚዘሉት ይህን ነው፤ ለእኔ ግን የሥራው እኩሌታ እሱ ነው። አሮጌውን ዘይት ሙሉ በሙሉ አፍስሱ፤ ፊልትሮ ቀይሩ፤ በመኪናው መመሪያ ላይ ከነፊልትሮው የተጻፈውን መጠን በሊትር ለክታችሁ ሙሉ። ፊልትሮው እንዲሞላ ሞተሩን ትንሽ አስነሱና አጥፉ። ሜዳ ላይ 10 ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ አንብቡ። ከላይኛው ምልክት ጋር ከተገናኘ ጨርሳችኋል። ካልተገናኘና ሌላ ዘንግ ማግኘት ካልቻላችሁ፣ ዘይቱ የደረሰበትን በሞረድ ምልክት አድርጉና አሮጌውን ምልክት አጥፉት፤ ሁለት «ሙሉ» ያለበት ዘንግ ምንም ከሌለው ይብሳል። ጫፉንም እዩ፤ የተፋቀ ከሆነ ክራንክ ሻፍቱ እየነካው ነውና ዘንጉ ረዝሟል።

አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ዘንጉን ትተው በሴንሰር ይለካሉ። ይመቻል፤ እኔ ግን ዘይቱን በጣቴ አሽቼ ቀለሙን ማየት ስለምወድ አልተደሰትኩበትም።

ስታስረክቡ ባለመኪናው ራሱ ዘንጉን አውጥቶ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ከቶ እንዲያነብ አድርጉ። አንዳንዱ እስከዚያ ቀን ኮፈኑን ከፍቶ አያውቅም።