የቦርከና ውሃ ቁጥሮች ተዘበራረቁብኝ

ጥያቄ፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከቦርከና ወንዝ ውሃ እየቀዳሁ ናይትሬት ለክቻለሁ። እያንዳንዱን ናሙና ሦስት ሦስት ጊዜ ነው የለካሁት። ግን አንዱ ናሙና 2.1፣ 2.4 እና 9.8 ሰጠኝ፤ ጭራሽ ከዜሮ በታች የወረደም አለ። ጓደኞቼ ያፈነገጠውን ሰርዢና አማካዩን ውሰጂ ይሉኛል። ልሰርዝ? (ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ! ግን እባክሽ እንዳትሰርዢ። ዋናውን ፋይል ሳትነኪ አስቀምጪና በግልባጩ ላይ ስሪ።

ከዚያ የላብ ደብተርሽን ክፈቺ። ውሃው ደፍርሶ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ቁጥሮች ከፍ ይሉ ነበር፤ አንዱ ብቻ ከዘለለ በደንብ ያልታጠበ ብልቃጥ ወይም የጣት አሻራ ያረፈበት ኩቬት (ናሙናው ተሞልቶ መሣሪያው ውስጥ የሚገባው ትንሽ ግልጽ ዕቃ) ጠርጥሪ። ናሙናው ፍሪጅ ውስጥ ካለና ከተቀዳ ሁለት ቀን ካልሞላው ደግመሽ ለኪው። ምክንያቱን ካገኘሽ ከቁጥሩ ጎን ጻፊና ከስሌቱ አውጪው። ካላገኘሽ ይቆይ፣ አንቺ ግን በአማካዩ ፋንታ መሃለኛውን ቁጥር ውሰጂ። አማካዩ 4.8 ገደማ ይላል፣ መሃለኛው 2.4 ነው፤ የትኛው ውሃውን እንደሚመስል ታይዋለሽ።

ከዜሮ በታች የወረደውን ደግሞ ዜሮ ብለሽ አትቀይሪው። ናይትሬት የሌለበትን የተጣራ ውሃ አሥር ጊዜ ለኪ፣ የውጤቱን ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየውን) በ3 አባዢ። መሣሪያሽ በእርግጠኝነት ማየት የሚችለው ከዚያ በላይ ያለውን ነው። በታች የሆነውን «ከመለኪያው አቅም በታች» ብለሽ ምልክት አድርጊበት።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ያልጠየቅሽኝ ነገር ነው። ናሙናዎቹን በምን ቅደም ተከተል ለካሽ? የደሴውን ሁሉ ጠዋት፣ የኮምቦልቻውን ሁሉ ከሰዓት ከሆነ፣ ስፔክትሮፎቶሜትሩ (በናሙናው ውስጥ ብርሃን አሳልፎ የሚለካው መሣሪያ) እየሞቀ ሲሄድ ንባቡ ትንሽ በትንሽ ይንሸራተትና አንቺ የወንዙ ልዩነት ነው ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ይህን ደግሞ የትኛውም የስታትስቲክስ ፕሮግራም አይነግርሽም። በየአሥሩ ናሙና መሃል መጠኑ የታወቀ መፍትሔ ለክተሽ ከነበረ መንሸራተቱን አይተሽ ታስተካክያለሽ። ካልለካሽ የተወሰኑትን አደባልቀሽ እንደገና ለኪ፤ ውሃው ካለፈበት እንደ አዲስ ቅጂ። አድካሚ ነው፣ አውቃለሁ።

አሃዱንም እይው። አንዳንድ መሣሪያ የሚያሳየው ናይትሬትን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ነው፣ ያኔ በ4.43 ይባዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው በሊትር 50 ሚሊግራም ግን የናይትሬቱ ነው። ሳታባዢ ካወዳደርሽ የተበከለውን ውሃ ንጹህ ነው ትያለሽ።