የድሮ ፎርትራን በአዲስ ላፕቶፕ፦ የጅማ ልጆች ጥያቄና መልስ

ጋሼ፦ መብራት እስካለ እመልሳለሁ። ኦሪጅናሉን ፋይል ኮፒ ሳታደርጉ አትንኩ። ደግሞ «አልሰራም» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ የመጀመሪያውን ኤረር ላኩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የግልገል ጊቤን ጎርፍ የማሰላበት በፎርትራን 77 (በድሮው የፕሮግራም ቋንቋ) የተጻፈ ኮድ አለኝ። ጂፎርትራን (ኮዱን ለማሽን የሚተረጉመው ኮምፓይለር) ያለ አንዳች ኤረር አለፈው። ግን ባስኬድኩት ቁጥር ሌላ ውጤት ያወጣል።

ጋሼ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! ኮምፓይል አደረገ ማለት በትክክል አሰላ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ የድሮ ኮምፓይለሮች የሰብሩቲንን (በስሙ የሚጠራ የፕሮግራም ክፍል ነው) ቫሪያብል ቋሚ ቦታ ይሰጡት ነበር። ሰብሩቲኑ ዳግም ሲጠራ የበፊቱን ዋጋ እዚያው ያገኘዋል። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ «ሴቭ» የሚለውን፣ ዋጋው እንዲቆይ የሚያደርገውን ትእዛዝ ሳይጽፉ አለፉ። ዛሬ ተራ ቫሪያብል ስታክ ላይ፣ ማለትም ሰብሩቲኑ ሲያበቃ በሚለቀቅ ጊዜያዊ ቦታ ላይ ነው፤ የምታገኚው ትርኪምርኪ ነው። ኮምፓይል ስታደርጊ «ኖ-ኦቶማቲክ» (-fno-automatic) የሚለውን ፍላግ ጨምሪ። ውጤቱ ከረጋ በሽታው ታወቀ፤ ቫሪያብሉን ፈልገሽ ሴቭ አድርጊው።

72ኛዋን ዓምድም እያት። በድሮው አጻጻፍ ከእሷ ያለፈ አይነበብም። የጎርፍ ቀመራችሁ ላይ ያለችው 0.278 መስመር መጨረሻ ላይ ተቆርጣ 0.2 ብትቀር፣ በ0.2 ያባዛልሻል። ዋርኒንጉን ሁሉ ካላበራሽ ትንፍሽ አይልም።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ጋ አልሰራም።

ጋሼ፦ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱን ካሳደስኩ ወዲህ «ራንክ ሚስማች» ይላል። ድሮ ያልፍ ነበር።

ጋሼ፦ ለሰብሩቲኑ የምትልከው ዳታ የልኬቱ ብዛት እሱ ከሚጠብቀው ጋር አልገጠመም ማለት ነው። ከጂሲሲ 10 (ጂሲሲ ጂፎርትራን ያለበት ጥቅል ነው) ጀምሮ ኤረር ሆኗል። «አሎው-አርጊዩመንት-ሚስማች» (-fallow-argument-mismatch) የሚለው ፍላግ ያሳልፍሃል። ጥሪውን ግን አይተህ አስተካክለው።

አንድ አባል፦ በፓይተን ጽፋችሁት አትገላገሉም?

ሌላ አባል፦ አንተ ትጽፍልናለህ? ደግሞ ሳይፓይህ (የፓይተን የሳይንስ ስሌት ላይብረሪ) ራሱ ላፓክን፣ የማትሪክስ ስሌት ላይብረሪውን ነው የሚጠራው። ላፓክ ምንድን ነው? ፎርትራን!

አንድ አባል፦ እኔ ግን ላፓክን አልጽፍም፣ እጠራዋለሁ እንጂ።

ጋሼ፦ ክርክሩን ቡና ላይ።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ላይስ?

ጋሼ፦ ደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደውን) ጫን። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጋሼ አሁንም አልሰራም። ፎቶ ልኬያለሁ።

ጋሼ፦ ፎቶህ የመጨረሻውን መስመር ነው የሚያሳየው። የመጀመሪያውን ነው ያልኩት፣ ወንድሜ!

ጥያቄ፦ የጊቤዋ ነኝ። ውጤቱ ረጋ! ግን ከ72 ያለፉ መስመሮች አሉ። ወደ 132 ዓምድ ላስፋው?

ጋሼ፦ ቆይ! መጀመሪያ ከ73 እስከ 80 ያለውን እዪ። ኮድ በሚበሳ ካርድ ላይ በሚጻፍበት ዘመን የካርዱን ተራ ቁጥር እዚያ ይጽፉ ነበር። ካሰፋሽው እሱንም ኮድ ነው ብሎ ያነበዋል። ተራ ቁጥሩን ከኮፒው ላይ አጥፊና አስፊው።