ልብስ ሰፊዎቹ የሚከፈላቸው ትንሽ ስለሆነ ርካሽ ልብስ መግዛት ልተው ወይ ላልሽው

አትተዪው። በደመወዝሽ የምትችዪው ርካሹን ሱቅ ብቻ ከሆነ ለልጆችሽ ከዚያ መግዛትሽ ጥፋት አይደለም። የልብስ ሰፊዋን ደመወዝ የሚያሳንሰው ኩባንያው እንጂ አንቺ አይደለሽም።

ይልቅ የምትገዢውን ልብስ ቁጥር ቀንሺ። ስፌቱን ገልብጠሽ እዪ፣ የሚበረክተውን ውሰጂ። ለኩባንያውም "ለሰፊዎቹ ስንት ትከፍላላችሁ?" ብለሽ ጻፊ። ይሄ ከንቱ ልፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው የልብስ ፋብሪካዎች ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ብራንዶቹን የደህንነት ስምምነት ያስፈረማቸው የሠራተኛ ማኅበራትና የሸማቾች ጩኸት ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፤ ውድ ዋጋ የጥሩ ደመወዝ ማስረጃ አይደለም። እኔ ስፌት ፋብሪካ ስሠራ ውዱም ርካሹም ሸሚዝ በእኛው እጅ፣ በዚያው ደመወዝ ነበር የሚሰፋው። እ.ኤ.አ. በ2019 በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። የሚሰፋው ደግሞ ለስመ ጥር ብራንዶች ነበር።