ታሪካዊ አልባሳትን ከፓተርን ለምትሰፉ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

የቀድሞ ዘመን ልብስ ለመስፋት ስትነሡ አብዛኞቻችሁ በቅድሚያ የምታስቡት ስለ ላይኛው ጨርቅ እንደሆነ አያለሁ፤ ሐሩና ጥልፉ ዓይን ስለሚስቡ አልፈርድባችሁም። ከረጅም ዘመን ሥራ በኋላ አጥብቄ የምመክራችሁ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ እንድትሰፉ ነው። አስቀድማችሁ ኮርሴቱን (ወገብና ደረትን አጥብቆ የሚይዘውን የውስጥ ልብስ)፣ የውስጥ ቀሚሱንና ቀሚሱን የሚነፋውን ድጋፍ ስፉ፤ የለባሿን ልክ የምትወስዱትም እነዚህን ሁሉ ከለበሰች በኋላ ይሁን። ኮርሴት ወገብን ከማጥበቡም በላይ ደረትን ከፍ ያደርጋል፣ አቋቋምንም ይለውጣል፤ ስለዚህ ከትከሻ እስከ ወገብ ያለው ልክ ራሱ ሌላ ይሆናል።

የቀሚሱም ነገር እንዲሁ ነው። ከቀጫጭን የብረት ቀለበቶች የተሠራው፣ ክሪኖሊን የተባለው የቀሚስ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ1856 በኋላ ሲስፋፋ፣ ተደራርበው ይለበሱ የነበሩትን በርካታ የውስጥ ቀሚሶች ተክቷል፤ በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ ደግሞ እብጠቱ ወደ ኋላ ዞሮ የጀርባው ጨርቅ ከፊቱ የበለጠ ርዝመት እንዲጠይቅ አድርጓል። የቀሚሱን ጠርዝ ድጋፉ ሳይኖር ከለካችሁት ድጋፉ ሲገባ ከኋላ ያጥራል። ስለዚህ ለባሿን አቁማችሁ ከወለሉ ወደ ላይ ለኩ።

ፓተርኑን፣ ማለትም ጨርቁ የሚቆረጥበትን ንድፍ በተመለከተ፣ በልክ ደረጃ የተዘጋጀ የወረቀት ፓተርን ለገበያ መቅረብ የጀመረው በአሜሪካዊው ልብስ ሰፊ በኤቤኔዘር በተሪክ እጅ እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጽሔቶች ይወጡ የነበሩት ፓተርኖች የብዙ ልብሶችን መስመር በአንድ ወረቀት ላይ አደራርበው የያዙ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የስፌት ትርፍ (ከስፌቱ መስመር ውጭ የሚተው ጨርቅ) አልተጨመረባቸውም፤ መቀስ ከማንሣታችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ። ዛሬ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ደግሞ ሥራውን ለማቅለል ከጀርባ ዚፕ ያስገባሉ። ዚፕ በሴቶች ቀሚስ ላይ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ላለ ልብስ ማሰሪያ ገመድ፣ መንጠቆ ወይም ቁልፍ ተጠቀሙ።

ከሁሉ ይልቅ እንድታስተውሉት የምሻው የብብቱን አቆራረጥ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን በነበሩ ብዙ የሴቶች ልብሶች የትከሻው ስፌት ወደ ጀርባ ያዘነብላል፣ ጀርባው ጠባብ ነው፣ እጅጌው የሚገጠምበት ቀዳዳም ትንሽና ወደ ብብት የተጠጋ ነው። የዛሬን ሰፊ አቆራረጥ የለመደ ሰው ይህን እንደ ስህተት ቆጥሮ ቀዳዳውን ዝቅ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ እጅግ የማዝነውም በዚህ ነው። ቀዳዳው ዝቅ ካለ ክንድ ሲነሣ መላው ልብስ ከወገብ ጀምሮ አብሮ ይነሣል፤ ለብብት ከቀረበ ግን ልብሱ ባለበት ረግቶ ክንዱ ብቻ ይንቀሳቀሳል። የሚቆነጥጥ ከሆነ ከፊት በኩል ጥቂት በጥቂት እየቆረጣችሁ ሞክሩ፤ የታችኛውን ጫፍ ግን አትንኩ።

ይህን ሁሉ ሙከራ የምታደርጉት በአቡጀዲ ነው። በረጃጅም ጊዜያዊ ስፌት አያይዛችሁ አልብሱ፤ ለባሿ ትቀመጥ፣ እጇን ታንሣ፣ በጥልቀት ትተንፍስ። ያረማችሁትን ሁሉ አቡጀዲው ላይ በእርሳስ ጻፉና ስፌቱን ፈትታችሁ ያንኑ እንደ አዲስ ፓተርን ያዙት። የድሩንም አቅጣጫ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ምልክት አድርጉ።

ለጨርቅ ሱፍ፣ ሊነን፣ ጥጥና ሐር ይበቃሉ። ሱፍ በእንፋሎትና በካውያ ይሳባል፣ ይሰበሰባል፤ ፖሊስተር ይህን አይቀበልም። የስፌት መኪና በየቤቱ መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1850ዎቹ ወዲህ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ያለውን ልብስ ቢያንስ ከውጭ የሚታየውን ስፌት በእጅ ስፉት።

ልብሱ ሲያልቅም ከጎንና ከጀርባ ስፌት የተረፈውን ጨርቅ ከርክማችሁ አትጣሉ። የዘመኑ ሰፊዎች ጨርቁ ከጉልበታቸው ይልቅ ውድ ስለነበረ ሰፊ ትርፍ ይተዉ ነበር፤ ለባሿ ስትወፍር ወይም ልብሱ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ስፌቱ ተፈትቶ ልብሱ ሰፋ የሚደረገው በዚያ ትርፍ ነው።