ድንጋይ አጥንቶ ሙዚየም ውስጥ መሥራት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጂኦሎጂስት ነኝ። ሥራዬ የሙዚየም የድንጋይና የማዕድን ስብስብ መጠበቅ ነው። ብዙ ጠይቃችኋል፤ የሚመሳሰሉትን አጣምሬ እመልሳለሁ።

ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስታይ ትውላለህ ማለት ነው?

ከድንጋዩ ይልቅ ከመዝገቡ ጋር የምውልበት ቀን ይበዛል። እያንዳንዱ ናሙና መለያ ቁጥር አለው። ማን፣ መቼ፣ ከየት እንዳመጣው መዝገቡ ላይ ይሰፍራል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው "ከየት" የሚለው ነው። "ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋ ጥቁር ድንጋይ)፣ ኢትዮጵያ" ብቻ የተባለ ድንጋይ ለተመራማሪ ምን ይረባዋል? የሰሜን ደጋው ባዛልት አብዛኛው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። የኤርታ አሌው ደግሞ ገና በእኛ ዕድሜ የፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

ድንጋይ ምን ይሆናል ብላችሁ ነው የምትጠብቁት?

ብዙ ነገር ይሆናል! የዳሎል ጨው እርጥበት ካገኘው ያልበዋል፤ ጠርዙም ቀስ እያለ ይሟሟል። ስለዚህ ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ፣ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር እናስቀምጠዋለን። ወርቅ የሚመስለው ፒራይት ይብሳል። እርጥብ አየር ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ያወጣል። አሲዱ ሳጥኑንም፣ መረጃው የተጻፈበትን ወረቀትም ይበላል። እኔን የሚያንገበግበኝ የወረቀቱ ነው።

የወሎ ኦፓል ውሃ ሲነካው ቀለሙ ጠፋብኝ። ተበላሸ?

አይዞሽ እህቴ። የወሎው፣ የደላንታ ኦፓል ውሃ የሚጠጣ የጌጥ ድንጋይ ነው። ሲጠጣ እንደ መስታወት ጥርት ሊል፣ የቀለም ጨዋታው ሊጠፋ ይችላል፤ ክብደቱም ይጨምራል። ጥላ ውስጥ ተዪው፤ ቀስ ብሎ ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ እንዳታደርጊው፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ዘይትና ቀለም ያለው ፈሳሽም አታስነኪው።

ተመራማሪ ናሙና ልቁረጥ ቢልህ ትፈቅዳለህ?

ከባዱ ውሳኔ ይሄ ነው። ድንጋይ በማይክሮስኮፕ ለማየት 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሆን መቅጠን አለበት። ያኔ ብርሃን ያሳልፋል። የተቆረጠው ግን አይመለስም። ጥያቄው ጥሩ ከሆነና ትንሽ ቁራጭ ከበቃ እፈቅዳለሁ። ድንጋይ ካልተጠየቀ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር የተገኘችው ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኗ የታወቀው ከአጥንቷ አይደለም፤ አካባቢው ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ በአርጎን ልኬት ነው፤ ማለትም አመዱ ውስጥ በጊዜ ብዛት የሚጠራቀመውን አርጎን የተባለ ጋዝ በመለካት። አመዱ ከየትኛው ንብርብር እንደተወሰደ በትክክል ባይመዘገብ ልኬቱ ዋጋ አይኖረውም ነበር።

ምን ልማር? ደመወዙስ?

መጀመሪያ ጂኦሎጂ፣ ቀጥሎ በማዕድናት ወይም በአለት ጥናት ማስተርስ። የመረጃ ቋት አያያዝም ልመድ። ገንዘቡን ካስቀደምክ ግን ማዕድን ፍለጋ ይሻልሃል።

አባቴ ጂኦሎጂስት ነበሩ። ካርቶን ሙሉ ድንጋይ ትተው አረፉ። ልጣለው?

ነፍስ ይማር። እባክህ እንዳትጥለው። እንዳታጥበውም፤ በእስክሪብቶ የተጻፈው ቁጥር ይለቃል። መጀመሪያ የመስክ ማስታወሻ ደብተራቸውን ፈልግ። ድንጋዩ ላይ ያለው ቁጥር እዚያ ውስጥ ካለ፣ ቦታውም ቀኑም ተገኘ ማለት ነው። ሁለቱን ሳትለያይ ፎቶ አንሳቸውና በአቅራቢያህ ያለ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ክፍል አነጋግር። ደብተሩን ለብቻው ለማንም እንዳትሰጥ።