የተጋነነ የኢንተርኔት ሂሳብ፦ ዝም ብሎ አለመክፈል ተቃውሞ አይደለም

ጥያቄ፦ የቤቴን ኢንተርኔት የምከፍለው በተጠቀምኩት ልክ ነው። ከሦስት ወር በፊት ሂሳቡ ከወትሮው አራት እጥፍ ሆኖ መጣ። ደውዬ ብጠይቅ «ሲስተሙ የቆጠረው ነው» አሉኝ። አሁን ወርሃዊ ክፍያው ቋሚ ወደሆነው ያልተገደበ ጥቅል መዛወር እፈልጋለሁ። የድሮውን ውል አቋርጬ ዕዳውን መተው እችላለሁ?

መልስ፦ መዛወሩ ቀላል ነው። አብዛኛው ውል በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መውጣትን ይፈቅዳል፤ የማስጠንቀቂያውን ጊዜና ቀድሞ የመውጫ ቅጣት መኖር አለመኖሩን ከውልዎ ይመልከቱ። በአዲሱ ውል ላይ ደግሞ «ፍትሐዊ አጠቃቀም» የሚል አንቀጽ ይፈልጉ፤ ያልተገደበ የተባለው ጥቅል ከተወሰነ ጊጋባይት በኋላ ፍጥነቱ የሚቀነሰው ብዙውን ጊዜ በዚያ አንቀጽ ነው። መዛወሩ ግን ያለፈውን ዕዳ አይሰርዝም።

ሂሳቡ መቼ እንደመጣ ነገሩኝ፤ መቼ እንደከፈሉ ግን አልነገሩኝም። ከዚያ ወዲህ ምንም አልከፈሉም ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ቅሬታ የሌለዎትን የቀጣዮቹን ወራት ሂሳብ ጭምር። እንዲያ ከሆነ፣ አይቀየሙኝና፣ ጥሩ አቋም ይዘው ሳለ ራስዎን ጥፋተኛ አድርገዋል።

ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ ይህ ነው። ሰው ሂሳቡ ሲያናድደው መክፈሉን ያቆምና የተከራከረ ይመስለዋል። በአቅራቢው መዝገብ ላይ ግን የሰፈረው «አልከፈለም» የሚል ብቻ ነው። መስመሩ ይቋረጣል፣ እንደ ውሉ ወለድና መቀጫ ይታከላል፣ የቆጣሪው ትክክለኛነት ተረስቶ የእርስዎ ውል መጣስ የክርክሩ ጭብጥ ይሆናል። ችሎት ፊት ቢቆሙ የሚጠየቁት «መቼና በምን ተቃወሙ?» ተብለው ነው። ደውዬ ነበር ማለት ብዙም አያስኬድም፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ብዙ ውሎች ሂሳብ መቃወሚያ ቀነ ገደብም አላቸው፤ ሦስት ወር አለፈው ማለትዎ ያሳሰበኝ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ይጻፉ። የትኛውን ወር ለምን እንደሚቃወሙ ይግለጹ፣ የየዕለቱ ፍጆታ ዝርዝር እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፣ መድረሱ የተፈረመበትን ቅጂ ያስቀሩ። የማይከራከሩበትን ሂሳብ ይክፈሉ። የሚከራከሩበትንም መስመሩ እንዳይቋረጥ ብለው ከከፈሉ፣ የከፈሉት «መብቴ እንደተጠበቀ ሆኖ» መሆኑን በጽሑፍ ያስታውቁ። ያለዚህ ክፍያው እንደ ማመን ሊቆጠርብዎ ይችላል።

ቆጣሪውን ከመክሰስዎ በፊት ግን ቤትዎን ይፈትሹ። በከፍተኛ ጥራት የሚታይ ቪዲዮ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት፣ 4ኬ በሚባለው ከዚያም በላቀ ጥራት ደግሞ እስከ 7 ጊጋባይት ሊወስድ ይችላል። በየምሽቱ 2 ሰዓት በከፍተኛ ጥራት ማየት ብቻ በወር 180 ጊጋባይት ገደማ ይደርሳል። ራውተርዎ ፍጆታ የሚመዘግብ ከሆነ ገጹን ፎቶ ያንሱ፤ አንዳንዱ ሲጠፋ መዝገቡም ስለሚጠፋ አስቀድመው አያጥፉት። የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ለጎረቤት ወይም ለተከራይ ሰጥተው እንደሆነም ለጠበቃዎ አይደብቁ። በብዙ ውሎች በመስመርዎ ያለፈ ሁሉ የእርስዎ ፍጆታ ነው፤ ጠበቃዎ ይህን መጀመሪያ የሚሰማው ከተቃራኒ ወገን መሆን የለበትም።

ውሉን፣ የሦስቱን ወር ሂሳብ፣ ደረሰኞችንና የደወሉባቸውን ቀናት ይዘው ጠበቃ ያማክሩ፤ እኔ ውልዎን አላየሁትም። የመዛወሪያውን ቅጽም ሳያስነብቡ አይፈርሙ፤ «የቀድሞ ዕዳዬን አምኜ ተቀብያለሁ» የሚል መስመር ሊኖርበት ይችላል።