የሙቀት ጌጅ ሲዋሽ፦ የቆየ መኪና ለያዛችሁ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምናወራው የሞተሩን ውሃ ሙቀት በመርፌ ስለሚያሳየው ጌጅ ነው። ስትጠይቁ ሦስት ነገር አብራችሁ ጻፉ፦ ሞዴሉንና ዓመቱን፣ ሴንሰሩ (ሞተሩ ላይ ሆኖ የውሃውን ሙቀት የሚለካው ዕቃ) ላይ የሚገባው ሽቦ አንድ ይሁን ሁለት፣ የነዳጅ ጌጁ በትክክል መሥራት አለመሥራቱን። ሞተር በጋለበት የራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፣ አትሰልቹ።

ባለ ኮሮላ፦ ጋሼ፣ የሙቀት ጌጄ አይሠራም። ምን ልግዛ?

መላሽ፦ ምንም አትግዛ። «አይሠራም» ማለት ምን ማለት ነው? ብርድ ላይ ተኝቷል? ቀይ ላይ ተጣብቋል? ይዘላል?

ባለ ኮሮላ፦ ይቅርታ ጋሼ። ከብርዱ ምልክት አይነሳም። ሞዴሉ 1984 እ.ኤ.አ. ነው። ሽቦው አንድ ነው፣ የነዳጁ ይሠራል።

መላሽ፦ አሁን ተግባባን። ሴንሰሩ ውስጥ ሙቀት ሲጨምር ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የመከልከል አቅሙ) የሚቀንስ ቁራጭ አለ። ኤሌክትሪኩ ጌጁን አልፎ በሽቦው ይወርድና በሴንሰሩ በኩል ሞተሩ ብረት ላይ፣ ማለትም ማሳ ላይ ያርፋል። ውሃው በጋለ ቁጥር ብዙ ያልፋል፣ መርፌውም ይወጣል።

ሞተሩን አጥፋና ቁልፉን ኮንታክት (ሞተሩ ሳይነሳ ጌጆቹ ኤሌክትሪክ የሚያገኙበት ቦታ) ላይ አድርግ። ሽቦውን ከሴንሰሩ ንቀል፤ መርፌው ብርድ ላይ መቀመጥ አለበት። ከዚያ የሽቦውን ጫፍ በ3.4 ዋት የ12 ቮልት አምፖል በኩል ንጹሕ የሞተር ብረት አስነካ። አምፖሉ በርቶ መርፌው ወደ ቀይ መሄድ ከጀመረ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ሴንሰሩ ወይም የሴንሰሩ ማሳ ነው። መርፌው ካልተነሳ ሴንሰር አትግዛ። ሽቦው የሆነ ቦታ ተበጥሷል፣ አለዚያም ክሩስኮት (ጌጆቹ የተገጠሙበት ሰሌዳ) ጀርባ ያለው ሶኬት ዝጓል ወይም ጌጁ ራሱ ሞቷል።

አምፖል ከሌለህ በቀጥታ ማስነካት ይቻላል፤ ግን መርፌው እንደተነሳ ሽቦውን አንሳ። መርፌው ቀስ ብሎ የሚወጣ የድሮ ጌጅ ውስጡ በማሞቂያ ሽቦ ሲግል የሚታጠፍ ቀጭን ብረት ነው። ማሳ ላይ ይዘህ ከቆየህ ታቃጥለዋለህ።

ባለ ቮልስ፦ የኔ የድሮ ቮልስ ላይ የውሃ ሙቀት ጌጁ የት ነው?

መላሽ፦ የለውም። ሞተሩ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ቀጣይ።

ባለ ላንድሮቨር፦ ሲሪስ 3 ነው። የሙቀቱም የነዳጁም ጌጅ ከልክ በላይ ያሳያሉ። ታንኩ ግማሽ ሆኖ ሙሉ ይላል። ሁለቱንም ሴንሰር ቀየርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም።

መላሽ፦ እየውልህ፣ ሴንሰሮቹን ያለ ጥፋታቸው ነው የጣልካቸው። ሁለት ጌጅ በአንድ ቀን አብሮ ከታመመ በሽታው ሁለቱ የሚጋሩት ቦታ ነው ያለው። በአንተ መኪና ያ ቦታ ከክሩስኮቱ ጀርባ ያለችው ትንሽ የቮልቴጅ ማረጋጊያ ናት። ባትሪው ሲሞላ ከ13 ቮልት ያልፋል፣ ሞተር ሲጠፋ ወደ 12 ይወርዳል። ጌጁ በዚህ እንዳይወዛወዝ ማረጋጊያዋ ኤሌክትሪኩን ቶሎ ቶሎ እየቆረጠችና እየቀጠለች በአማካይ 10 ቮልት ትሰጣለች። ይህን የምታደርገው ውስጧ ባለ ማሞቂያ ሽቦ ነው፤ ማሞቂያው የሚሠራው ደግሞ ቆርቆሮዋ ማሳ ሲያገኝ ብቻ ነው። ማሳዋ ከላላ ወይም ከዛገ ማሞቂያው አይግልም፣ ኮንታክቷ (ኤሌክትሪኩ የሚቆረጥበትና የሚቀጠልበት መገናኛ) አይከፈትም፣ የባትሪው ቮልት በሙሉ ጌጆቹ ላይ ይወርዳል። ሁለቱም ከልክ በላይ የሚያሳዩት ለዚህ ነው። በተቃራኒው ኮንታክቷ ተከፍቶ ከቀረ ሁለቱም ይሞታሉ።

ስትለካት ዲጂታል ቴስተር (የቮልትና የኦም መለኪያ) ቁጥሩ እየዘለለ ያደናግርሃል። መውጫዋ ላይ አምፖል እሰር፤ ብልጭ ድርግም ካለ እየሠራች ነው፣ ሳይጠፋ ከበራ አትቆርጥም። መጀመሪያ ከቆርቆሮዋ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ጊዜያዊ ሽቦ ዘርጋ። መርፌዎቹ ከተመለሱ የምትገዛው ነገር የለም፤ የምትታሰርበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ መልሰህ እሰራት። ካልተመለሱ 7810 የሚባል፣ ሦስት እግር ያለው ቋሚ 10 ቮልት የሚሰጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይተካታል፤ መሐለኛው እግር ማሳ ነው፣ ጀርባው ላይ ያለው ብረትም እንደዚሁ። አንድ ነገር ልብ በል፦ 7810 ኔጌቲቩ ማሳ ለሆነ መኪና ብቻ ነው። በጣም የቆዩ አንዳንድ መኪኖች ፖዘቲቩ ነው ማሳ የሚሆነው።

ባለ ላዳ፦ ጋሼ፣ የኔ ደግሞ ቀን ደህና ነው። ማታ የፊት መብራት ሳበራ መርፌው ከፍ ይላል፣ ሳጠፋ ይመለሳል።

መላሽ፦ እኅቴ፣ ውሃ በመብራት አይግልም። ይሄ ማሳ ነው፣ ብዙ ጊዜም የክሩስኮቱ ማሳ። ሞተሩ እየሠራ መብራቱን ሁሉ አብሪ። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጊና አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ ያዢ፤ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን ምሰሶው ላይ። ሌላውን ጫፍ በየተራ ሞተሩ ብረት ላይ፣ ሴንሰሩ ገላ ላይና የክሩስኮቱ ማሳ ሽቦ ላይ አድርጊ። ከ0.2 ቮልት በላይ ያሳየሽ ቦታ ላይ ችግር አለ። ቡሎኑን ፍቺ፣ ብረቱ እስኪያበራ ፍቂ፣ አጥብቀሽ እሰሪ። ቅባት ከታሰረ በኋላ ከላይ ነው የሚቀባው።

ባለ ዳትሰን፦ ሴንሰር ላይ ቴፍሎን (ክር ላይ የሚጠቀለል ማሸጊያ ቴፕ) የጠቀለለም ማሳውን ያጣል። በጭራሽ አይደረግም!

ባለ ኦፔል፦ ይደረጋል እንጂ። ክሩ ሾጣጣ ስለሆነ ሲጠብቅ ቴፍሎኑን ቆርጦ ብረት ከብረት ይገናኛል።

ባለ ዳትሰን፦ አራት ዙር ከጠቀለልክበት ይገናኛል?

ባለ ኦፔል፦ አራት ዙር ማን አለ?

መላሽ፦ ቴስተር እያለ ምን ያከራክራችኋል? ቁልፉን አጥፉ፣ ሽቦውን ንቀሉ፣ ከሴንሰሩ ገላ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ኦሙን (ሬዚስታንሱን) ለኩ። ከ1 በታች ከሆነ ቴፍሎኑ አልጎዳም። የመዳብ ቀለበት ያለው ሴንሰር ደግሞ ጭራሽ ቴፍሎን አይፈልግም።

ባለ ፊያት፦ የኔም ጌጅ አይሠራም።

መላሽ፦ ከላይ አንብብ።

ባለ ማዝዳ፦ መርፌው ብርድ ላይ ነው፤ ሞተሩ ግን እንፋሎት ይተፋል። እንግዲህ ጌጁ ነው የተበላሸው?

መላሽ፦ አቁም! መኪናውን ማለቴ ነው። መርፌው ብርድ ላይ ነው ማለት ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ማለት አይደለም። ውሃው ከጎደለ ሴንሰሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ አየርና እንፋሎት ደግሞ እንደ ውሃ አያግሉትም። ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) የሚጣመመው እንዲህ «ጌጁ ደህና ነው» ሲባል ነው። አጥፋው፤ የላይኛውን ጎማ ቱቦ በእጅህ ጨብጠህ መያዝ እስክትችል ጠብቅ፣ ከዚያ ክዳኑን ከፍተህ ሙላ። የመኪናውን የውስጥ ማሞቂያ መቆጣጠሪያ ሙቅ ላይ አድርገህ አየሩ እስኪወጣ ክዳኑን ሳትዘጋ አሠራው። አረፋው ካልቆመ ጓርኒሲዮኑን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) አስመርምር፤ ጌጁን ተወው።

ባለ ዳትሰን፦ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን ዕቃ) አውጥቶ መጣል ነው፣ ሁሉም ይገላገላል።

ባለ ኦፔል፦ እና ሞተሩ ሳይሞቅ ይኑር?

መላሽ፦ ቴርሞስታት የወጣለት ወይም ክፍት ሆኖ የቀረበት መኪና ሲሄድ መርፌው ይወርዳል፣ ሲቆም ይወጣል። እዚህ ላይ ጌጁ እውነቱን ነው የሚናገረው። ሳይሞቅ የሚሠራ ሞተር ቤንዚን ያባክናል፣ ዘይቱንም በቤንዚን ያቀጥናል። የምትጠረጥሩትን ቴርሞስታት ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አሙቁት፤ 82 ወይም 88 የሚል ቁጥር ተመትቶበታል፣ እዚያ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። ስለ ቴርሞስታት ከዚህ በኋላ አልመልስም።

ባለ ሚትሱቢሺ፦ ሴንሰሩንስ እንደዚያው በድስት መለካት ይቻላል?

መላሽ፦ ይቻላል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚገባው ጫፉ ብቻ ነው፤ ሽቦ የሚታሰርበት አናቱን ውሃ አይንካው፣ ገላውም ድስቱን አይንካ። ከገላው እስከ አናቱ ኦም ለካ። በብዙ የጃፓን መኪኖች 50 ዲግሪ ላይ ከ150 እስከ 250 ኦም ነው፤ ውሃው ሊፈላ ሲል ወደ 30 እና 40 ይወርዳል። ቁጥሩ ከመኪና መኪና ይለያያል፤ ዋናው ሳይዘል ቀስ እያለ መውረዱ ነው። ከፍታ ቦታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ቴርሞሜትሩን እንጂ አረፋውን አትመን። ሁለት ሽቦ ያለው፣ ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚያገለግለው ሴንሰር ግን ሌላ ነው፤ 20 ዲግሪ ላይ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም ያሳያል። የእሱን ሽቦ ማሳ እንዳታስነኩ።

ባለ ሱባሩ፦ በሌዘር ቴርሞሜትር ቴርሞስታት ቤቱን ስለካ 60 ይላል፣ ጌጁ ግን መሐል ላይ ነው።

መላሽ፦ የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም መሣሪያውን ያታልለዋል፣ አሳንሶ ያነባል። ጥቁር ቴፕ ለጥፍበትና ቴፑን ለካ።

ባለ መርሴዲስ፦ ከጌጁ ጀርባ ሽቦ ሳይሆን ቀጭን የመዳብ ቱቦ ነው የሚወጣው።

መላሽ፦ ያ ኤሌክትሪክ አይነካውም። ጌጁ፣ ቱቦውና ጫፉ አንድ ዕቃ ናቸው፤ ቱቦው ከተቆረጠ ወይም ከታጠፈ ሙሉው ይቀየራል።

ባለ ኢሱዙ፦ አዲስ ሴንሰር ገጠምኩ። መርፌው አሁን ይነሳል፤ ግን ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሩብ ላይ ይቆማል። ማሳው 0.3 ኦም ነው።

መላሽ፦ ማሳውን ለክተህ መምጣትህ ደስ ይላል። ሴንሰርና ጌጅ ጥንድ ናቸው፤ ክሩ ስለገባ ብቻ ኦሙ ይገጥማል ማለት አይደለም። አሮጌው ሲበርድ የሚሰጠው ኦም ካለ ከአዲሱ ጋር በአንድ ዓይነት ሙቀት አወዳድር። አዲሱ በጣም ከበለጠ መልሰው፤ በሞተር ቁጥሩ ትክክለኛውን ጠይቅ። መርፌውን በካቻቢቴ ገፍተህ ለማስተካከል እንዳትሞክር።